አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

«መምህር፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ። እንግሊዝኛውስ ገብቶኛል፤ ነገሩ ነው ያልገባኝ።»

ወረቀቱን ያቀበለችኝ አርባዎቹን የጀመረች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስትቀበልና ፋይል ስታደራጅ የኖረች እኅታችን ናት። ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልጽፍም። ቦታው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ጊዜው 2024 ከገባ ብዙም ሳይቆይ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

የነገሩ መነሻ የቤት ኪራይ ነው። ዌስት ኤንድ በሚባለው የከተማዋ ክፍል አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖረውን ሐበሻ ብዛት የሚያውቅ ያውቀዋል። የጭማሪ ማስታወቂያ በበር ሥር በገባ ቁጥር ሁላችንም ቡና ላይ ተሰብስበን እናማርራለን፤ ሦስተኛው ሲቀዳ ወሬ እንቀይራለን። ይቺ ሴት ግን የከተማው ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት ቀን ተመዝግባ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ የተፈቀደላትን ሦስት ደቂቃ ተናግራ ትመለሳለች። አንዴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ። ሦስት ደቂቃው ሲያጥርባት አየንና «አንቺ ራስሽ ለምን አትወዳደሪም?» አልናት። እንዲያ ካሏት መካከል ዋነኛው እኔ ነኝ። የመቀስቀሻ ወረቀቷን በአማርኛ ያረቀቅኩላትም እኔው ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ሥልጣን ያለው ይመስለዋል። «የመመረጥ መብትሽ ነው፣ አበቃ» አልኳት፤ ሕጉን ግን ገልጬ አላየሁም ነበር።

ወረቀቱ የመሥሪያ ቤቷ የሥነ ምግባር ጉዳይ ክፍል ለጥያቄዋ የላከላት መልስ ነው። አጭርና ትሕትና ያለው መልስ። ሐች አክት በሚባለው ሕግ መሠረት የፌዴራል ሠራተኛ፣ ፓርቲዎች በሚፎካከሩበት ምርጫ እጩ መሆን አይችልም ይላል። «ፈቃድ ልውሰድ፣ ያለ ደመወዝ ልውጣ» ብሎ ነገርም አይሠራም፤ ክልከላው ቅዳሜና እሑድንም፣ ፈቃድንም አያውቅም፣ ሰውየውን ተከትሎት ይሄዳል። ከዚያ ወረድ ብሎ አንድ ማጽናኛ ቢጤ አለ። አሌክሳንድሪያ በዋሽንግተን ዙሪያ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው አካባቢዎች አንዷ ስለሆነች፣ ለአካባቢ ሥልጣን ከሆነ፣ የማንም ፓርቲ ሳትሆኚ በግልሽ መወዳደር ትችያለሽ ይላታል።

«ታዲያ ተፈቅዶልሻል እኮ!» አልኩ፣ እኔ ሞኙ።

«መምህር፣ እዚህ ከተማ በግሉ ተወዳድሮ ማን ያሸንፋል?»

እውነቷን ነው። የአሌክሳንድሪያ ምክር ቤት ስድስት አባላትና አንድ ከንቲባ አሉት፤ ምርጫው በየሦስት ዓመቱ ነው። በ2009 ከዲሞክራቶቹ ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ገብተው ነበር፤ በ2012 ሁለቱም ወጡ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ፣ የ2024ቱን ጨምሮ፣ ሰባቱም ወንበሮች የዲሞክራቶች ናቸው። ስለዚህ የዚህች ከተማ ምርጫ የሚያልቀው ሰኔ ላይ በፓርቲው ፕራይመሪ ነው። ሰኔ ላይ ሠርግ፣ ኅዳር ላይ መልስ። የሐች አክት ልዩ ፈቃድ ማለት እንግዲህ የሠርጉን ቤት ዘግቶ ለመልሱ መጥራት ነው። ደግሞም ፊርማ ሊያሰባስቡላት፣ በር ሊያንኳኩላት ቃል የገቡት ጎረቤቶቿ እነማን ናቸው? አብዛኞቹ የፓርቲው የሰፈር ኮሚቴ ሰዎች ናቸው፤ የፓርቲያቸውን እጩ የሚፎካከር ሰው ቢደግፉ ከኮሚቴያቸው ይጣላሉ። በግሏ ብትወጣ ብቻዋን ነው የምትወጣው።

ሕጉን ከመውቀሴ በፊት የሚገባውን ክብር ልስጠው። ሐች አክት ከክፉ ሐሳብ የተወለደ ሕግ አይደለም። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በነበረበት ዘመን የሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጡ ሥራ ለመስጠት ደብሊው ፒ ኤ የሚባል ግዙፍ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። በ1938 የምርጫ ዓመት፣ በተለይ ኬንታኪ ውስጥ፣ በዚያ ድርጅት ተቀጥረው መንገድ የሚጠርጉ፣ ድልድይ የሚሠሩ ድሆች ለእገሌ ካልመረጣችሁ፣ ለእገሌ ካላዋጣችሁ እንጀራችሁ ይቋረጣል እየተባሉ ይገደዳሉ የሚል ወሬ በጋዜጣ ወጣ። ነገሩን ይዘው የተነሡት የኒው ሜክሲኮው ሴናተር ካርል ሐች ናቸው። ልብ በሉ፣ ሰውየው ራሳቸው ዲሞክራት ናቸው፤ ሕጉ የሚጎነትለው የራሳቸውን ፓርቲ ነው። ሩዝቬልት ነሐሴ 2 ቀን 1939 (በነሱው ኦገስት 2) ፈረሙበት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚነካቸውን የስቴትና የከተማ ሠራተኞችም እንዲጨምር ተደረገ።

ሕጉ ግን መንታ ነበር። በአንድ በኩል አለቃው በሥልጣኑ ተጠቅሞ የሠራተኛውን ድምፅ እንዳይጠመዝዝ ይከለክላል። በሌላ በኩል ሠራተኛው ራሱ በፖለቲካ እንዳይሳተፍ ይከለክላል። እኔ በተማሪዎቼ ፊት ሰምና ወርቅ ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ዐይኔ ቀልጠፍ ይላል። የመጀመሪያው ከለላ ነው። ሁለተኛው የከለላ ልብስ የለበሰ ቅጣት ነው። የተገደደውን ሰው «ከእንግዲህ እንዳትገደድ አንተም አፍህን ዝጋ» ማለት ነው።

ይህን ነገር አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ሳነሳ ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ከፌዴራል ሒሳብ ሠራተኝነት ጡረታ የወጡ ታላቅ ወዳጄ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ደግሞ፣ ከየት እንደመጣህ ረሳኸው? ይሄ ሕግ እኛ አገር ቢኖር ኖሮ ስንቱ ነገር ይድን ነበር! አስተማሪው ካድሬ፣ የጤና ሠራተኛው ካድሬ፣ ማዳበሪያ አዳዩ ካድሬ። መንግሥትና ፓርቲ አንድ ላይ ተቦክቶ አንድ ላይ ተጋግሮ አይደል ያበላሸን? ይሄው የሚለይ ሕግ ሲገኝ ታጉረመርማለህ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት በሽታ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው» አልኳቸው፤ አልተዋጠላቸውም። እኔም ያን ቀን በደንብ አላስረዳሁም። አሁን ላስረዳ።

2000 ዓ.ም. ላይ አገር ቤት የአካባቢ ምርጫ ሊደረግ ነው። የቀበሌ ምክር ቤቶች ወንበር እስከ 300 ከፍ እንዲል ተደርጓል። 300 ወንበር ለአንድ ቀበሌ! ያ ሁሉ ወንበር ሰው ይፈልጋል፤ በቀላሉ የሚገኘው ሰው ደግሞ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። እኔ በምሠራበት ተቋም አንድ ከሰዓት በኋላ አለቃችን ወረቀት ይዞ ወደ መምህራን ክፍል ገባ። ከኛ ዘንድ ሁለት ሰው ይፈለጋል አለ፤ የሁለቱ ሰው ስም ግን ቀድሞ ተጽፏል። አንደኛው ሰዋስው የሚያስተምር፣ ከመጽሐፍ በቀር ምንም የማይወድ፣ ዐይን አፋር ባልደረባዬ ነበር። ስሙን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ፈቃደኛ አይደለሁም» አላለም። የሚለው ነገር ጠፍቶት መነጽሩን አወለቀና ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ፣ ፈረመ። በዚያው ዓመት የትምህርት ዕድል ዝርዝር ውስጥ ነበረበት፤ አለቃውም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ሁላችንም መስኮት መስኮቱን አየን። እኔም ጭምር።

እንግዲህ ጋሼን የምጠይቃቸው ይሄን ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ጥፋተኛው ማን ነው? የቀበሌ እጩ ሆኖ የፈረመው መምህር ነው? ወይስ የትምህርት ዕድሉን ዝርዝር በኪሱ ይዞ የገባው አለቃ? በዚያን ቀን አንድ የሚታደግ ሕግ ቢኖር ኖሮ ማንን ነበር መያዝ ያለበት? ባልደረባዬን «የመንግሥት ሠራተኛ ነህና እጩ መሆን አትችልም» የሚል ሕግ ቢኖር እውነት ነው፣ ከዚያች ፊርማ ይድን ነበር። አለቃው ግን አይድንም ነበርን? በሚቀጥለው ወር ለስብሰባ፣ ከዚያ ለመዋጮ፣ ከዚያ ለአንድ ለአምስት ቡድን ሌላ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ደግሞ ያ ሕግ አንድ ሌላ ሰው ይመታ ነበር። በገዛ ፈቃዱ፣ ምናልባትም በተቃራኒው ወገን፣ «እኔ እወዳደራለሁ» ሊል የሚችለውን ደፋር መምህር። በትንሽ ከተማ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በጀት አገላብጦ የሚያይ፣ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው ከአስተማሪውና ከነርሷ ሌላ ማን አለ? እነሱን አውጥታችሁ ምክር ቤቱን ማን እንዲሞላው ነው የምትፈልጉት? ነጋዴውና ባለ ሕንፃው?

አሜሪካም ያው ጥያቄ ነው። የፖስታ አዳዩ፣ ፋይል አደራጇ፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛው ከተከለከሉ በአሌክሳንድሪያ ምክር ቤት ወንበር ላይ ጊዜ ያለው ጠበቃና የግል ቢዝነስ ያለው ሰው ይቀመጣል። በነሱ ላይ ቂም የለኝም። የኪራይ ጭማሪ ወረቀት ግን በበራቸው ሥር አይገባም።

ይህ የእኔ የብቻ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ድረስ ሄዷል። ጆርጅ ፑል የሚባል ሰው በፊላደልፊያ የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያ ውስጥ ብረት በማሽን የሚዳምጥ ሠራተኛ ነበር። ጥፋቱ ከሥራ ሰዓት ውጭ በሰፈሩ የፓርቲ ኮሚቴ አባል ሆኖ መሥራቱ ነው። በ1947 ፍርድ ቤቱ 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ዳኛ ዳግላስ በተለየ ሐሳባቸው ማሽን ላይ የሚውለውን ሠራተኛ ፖሊሲ ከሚያወጣው ባለሥልጣን ጋር አንድ አድርጎ ማሰር ልክ አይደለም አሉ፤ የሰማቸው የለም። በ1973 ፖስታ አዳዮች በማኅበራቸው በኩል እንደገና ከሰሱ፤ እንደገና ተረቱ። ሳንቲም የሚዳምጥ ሰው ፖለቲካ ውስጥ ቢገባ ሳንቲሙ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል ብለው ፈርተው ይሆን? እንጃ።

ከዚያ 1993 መጣና ሕጉ ላላ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ይበልጥ አስቂኝ ሆነ። ዛሬ አብዛኛው የፌዴራል ሠራተኛ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ለፓርቲ እጩ መቀስቀስ ይችላል፣ ምልክት ተሸክሞ መቆም ይችላል፣ የምርጫ ዘመቻ መምራት ይችላል፣ የፓርቲ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሊሆን ሁሉ ይችላል። የራሱን ስም በምርጫው ወረቀት ላይ ማስፈር ግን አይችልም። ይቺ እኅታችን የሌላ ሰው ዘመቻ አዛዥ ሆና ከተማውን ብታምስ ሕጉ ምንም አይላትም። «እኔ ነኝ» ስትል ግን ጥፋት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር በልብ ወለድ ተጽፎ ተማሪ ቢያመጣልኝ «አይታመንም» ብዬ አስተካክል እለው ነበር።

የቦታው ነገር ደግሞ አለ። ክልከላው የፓርቲ ስም በሌለበት ምርጫ ላይ አይሠራም። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ወይም ሮክቪል ብትኖሩ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ፓርቲ የለበትም፤ ያቺው ሴት፣ በዚያው ሥራዋ፣ በዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መወዳደር ትችል ነበር። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ቆሻሻ ማንሻ ቀን ስትወስን የማትረክስ የፌዴራል ሠራተኛ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስትወስን ለምን ትረክሳለች? እንደኔ እንደኔ መልስ የለውም። ሥራዋ አንድ ነው፣ አለቃዋ አንድ ነው፣ የተለየው በወረቀቱ ላይ ከስሙ አጠገብ አንዲት ቃል መታተም አለመታተሟ ነው።

የውሻውንም ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ የፌዴራል ገንዘብ ትንሽም ብትሆን በሥራው ውስጥ ያለችበት የስቴትና የከተማ ሠራተኛ ለፓርቲ ምርጫ እጩ መሆን አይችልም ነበር። ፊላደልፊያ አካባቢ የባቡርና የአውቶቡስ ጥበቃ ፖሊስ የሆነ አንድ ሰው ለትምህርት ቦርድ ልወዳደር ቢል ተከለከለ። ምክንያት? አብሮት ፈንጂ የሚያሸተው ውሻ የተገዛው በፌዴራል ገንዘብ ስለሆነ። ቀልድ አይደለም፤ የሐች አክትን አፈጻጸም የሚከታተለው የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ካሮሊን ለርነር ራሳቸው በ2011 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽፈውታል። ሕጉን አስፈጻሚዋ ራሷ «ይሄ ሕግ ተበላሽቷል፣ አስተካክሉልኝ» ብላ ስትጮህ ማየት የተለመደ አይደለም። ኮንግሬሱም ሰማ። በ2012 መጨረሻ ኦባማ በፈረሙት ማሻሻያ ደመወዛቸው ሙሉ በሙሉ ከፌዴራል ገንዘብ ከሚከፈላቸው በስተቀር የስቴትና የከተማ ሠራተኞች ከዚህ ክልከላ ወጡ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። የካውንቲው ጸሐፊ፣ የከተማው አውቶቡስ ሾፌር በፌዴራሉ ሕግ በኩል ነፃ ናቸው። ሰማይ ተደፋ? አውቶቡሱ በዲሞክራት ሰፈር ቆሞ የሪፐብሊካኑን ሰፈር ዘለለው? ታዲያ ለከተማው ሾፌር የተፈቀደው ለፌዴራሏ ጸሐፊ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው? ከሁለቱ ይልቅ ከከተማው ምክር ቤት ጋር የጥቅም ግጭት ሊገጥመው የሚችለው እንዲያውም የከተማው ሾፌር ነው፤ አለቆቹን የሚቀጥረው ያው ምክር ቤት ነውና።

አሁን ወደ ርዕሴ ልመለስ። ሕጉ ለትልልቆቹ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እንይ። ፕሬዚዳንቱና ምክትላቸው ከመጀመሪያውም አይነካቸውም። በ2012 የጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሲቤሊየስ፣ በ2016 የቤቶች ሚኒስትሩ ኹሊያን ካስትሮ ሕጉን ጥሰዋል ተባለ፤ ሁለቱም በወንበራቸው ቆዩ። በ2019 የልዩ ዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት የዋይት ሐውስ አማካሪዋ ኬሊያን ኮንዌይ ደጋግማ ስለጣሰች ከሥራ ትሰናበት አለ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ አላሰናብትም አሉ፣ በዚያው ቀረ። በ2020 የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ማጠቃለያ የተካሄደው በዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ነው። በ2021 የወጣው ሪፖርት አሥራ ሦስት ከፍተኛ ሹማምንት ሕጉን ጥሰዋል ሲል ባለሥልጣናቱ ሥራቸውን ለቅቀው ሄደዋል። ሁለቱንም ፓርቲ የጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ ነገ የሚደውልልኝ ስለማይጠፋ።

ለታችኛው ሠራተኛ ግን ሕጉ ጥርስ አለው። ከሥራ ማባረር አለ፣ ደረጃ መቀነስ አለ፣ እስከ አምስት ዓመት ከፌዴራል ሥራ ማገድ አለ። 1938 ላይ ኬንታኪ ውስጥ የተበደለው መንገድ ጠራጊው ነበር፤ በዳዩ ከላይ የተቀመጠው። ሕጉ ዛሬም በዋነኝነት እንቅልፍ የሚነሳው መንገድ ጠራጊውን ነው። አገሬው ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶታል፤ ርዕሱ ላይ አስቀምጬላችኋለሁ።

ምን ይደረግ ነው የምትለው ትሉኝ ይሆናል። የአለቃው እጅ ይታሰር፤ አሁን ከታሰረው በላይ ይታሰር። በሥራ ሰዓት መቀስቀስ፣ በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ድምፅ መለመን፣ ባለጉዳይን «ማንን ነው የመረጥከው?» ማለት ከሥራ ያስባርር፤ ሚኒስትርም ብትሆን ያስባርር። የታችኛው ሠራተኛ ግን ለአካባቢው ምክር ቤት፣ ፓርቲ ኖረውም አልኖረው፣ ይወዳደር። በዘመቻው ወራት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይውሰድ ካላችሁ ይውሰድ። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚነካካ ጉዳይ ምክር ቤቱ ውስጥ ሲነሳ ከክፍሉ ይውጣ። «የኤፍ ቢ አይ መርማሪስ? የስለላውስ?» ለሚለኝ፣ ሕጉ ለነዚያ የተለየ ጠበቅ ያለ ዝርዝር አለው፤ እነሱ በፓርቲ ዘመቻ እንኳን አይሳተፉም። ስለዚህ ሕጉ ሰውን ከሰው መለየት ያውቃል ማለት ነው። መርማሪውን ከፖስታ አዳዩ መለየት ካወቀ፣ ሴኔትን ከሰፈር ምክር ቤት መለየትስ ለምን ያቅተዋል?

ሕጉን ወቅሼ እኛን ብተወን ግን ያ መስኮት መስኮቱን ያየሁበት ቀን ይታዘበኛል። በኛ መካከል ሐች አክት ጥሩ መደበቂያ ሆኗል። «እኔ የፌዴራል ሠራተኛ ነኝ፣ ፖለቲካ አይፈቀድልኝም» የሚል ሰው በየለቅሶው፣ በየማኅበሩ አጋጥሞኛል። ውሸት ነው። ትመርጣለህ፣ ታዋጣለህ፣ ትቀሰቅሳለህ። ለትምህርት ቦርድ ደግሞ ትወዳደራለህ፤ የአሌክሳንድሪያው ዘጠኝ አባላት ያሉት ቦርድ የሚመረጠው ያለ ፓርቲ ስም ነው፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲውም እንዲሁ (የፓርቲ ድጋፍ ተቀብለህ እንዳታበላሸው ብቻ)። ዲሲ የምትኖር ደግሞ ኤ ኤን ሲ የሚባሉ የሰፈር ኮሚሽኖች አሉልህ። አንድ ኮሚሽነር ሁለት ሺህ ለሚሆን ነዋሪ፣ ለሁለት ዓመት፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ፓርቲ። የመጠጥ ፈቃድና የመንገድ መብራት የሚነሳው እዚያ ነው። ሬስቶራንት ያላችሁ ወገኖቼ ይህን ታውቃላችሁ፤ ፈቃድ ስትፈልጉ በር የምታንኳኩት እነሱጋ ነውና። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ለመቀመጥ ግን ስንቶቻችን ሞክረናል? አገር ቤት በወረቀት ተገድደን ስንፈርም የኖርን ሰዎች፣ ሳንገደድ መፈረም ሲመጣ እጃችን ይንቀጠቀጣል።

«ታዲያ እሷስ ለምን ለትምህርት ቦርድ አልተወዳደረችም?» የሚል አስተዋይ አንባቢ አይጠፋም። እኔም ጠይቄያት ነበር። «መምህር፣ የትምህርት ቦርድ ኪራይ ላይ ምን አገባው?» አለችኝ። ለሥልጣን ሳይሆን ለጉዳይ የተነሳ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው፤ የትም ይሁን ብቻ ወንበር አልፈለገችም።

አልተወዳደረችም። ሰኔ 2024 ላይ፣ በፕራይመሪው ቀን፣ የዓመት ፈቃድ ወስዳ በአንድ የድምፅ መስጫ ጣቢያ ደጅ ላይ የሌላ እጩ ምልክት ይዛ ቆማ አገኘኋት። በሕግ የተፈቀደ ነው። ያረቀቅኩላትን የአማርኛ ወረቀት ስሟን አውጥታ የሰውየውን ስም አስገብታበታለች። «ጽሑፉ እንዳይባክን ብዬ ነው» አለችኝ፣ እየሳቀች። ሰውየው አሸነፈም አላሸነፈም ለጉዳያችን ለውጥ የለውም፤ እሱ አፓርታማ ተከራይቶ አያውቅም።

በ2025 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ በጅምላ ሲቀንሱ ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል አንዷ እሷ ሆነች። አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት። ስትነግረኝ ምን እንደምል ጠፍቶኝ፣ እንደ ልማዴ ሕግ ውስጥ ገባሁ። «እንግዲህ ሐች አክት ለቀቀሽ፤ የሚቀጥለው የከተማው ምርጫ 2027 ነው» አልኳት።

ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም አለች።

«መምህር፣ አልነገርኩዎትም እንዴ? ኪራዩን ስላልቻልኩት ባለፈው ወር ወደ ዉድብሪጅ ለቅቄያለሁ እኮ። አሌክሳንድሪያ አይደለሁም።»